ሳይቀሩ ቀሪ የተባሉት

የሰው ኃይል አስተዳደር በምሠራበት የደብረ ብርሃን ልብስ ስፌት ፋብሪካ ሁለቱ ደብዳቤዎች ጠረጴዛዬ ላይ የደረሱት በ2017 ዓ.ም. መጋቢት ሊያልቅ ሲል፣ ደመወዝ በምንዘጋበት ሰሞን ነው። ርእሳቸው «የሥራ ውል ስለ ማቋረጥ» ይላል። አንደኛው የመንዝ ልጅ ስም አለበት፣ ሁለተኛው የሸዋ ሮቢት ልጅ። ሁለቱም የስፌት ማሽን ኦፕሬተሮች ናቸው። የሚሠሩት አንድ ላይን (የምርት መስመር) ላይ ነው፤ ሺፍታቸው ግን ይፈራረቃል፤ አንዷ ጠዋት በሆነችበት ሳምንት ሌላዋ ከሰዓት ናት። የስንብቱም ምክንያት አንድ ነው፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቷቸው ሳለ ከአምስት የሥራ ቀን በላይ ቀርተዋል ይላል። የሚጎድለው የእኔ ፊርማ ብቻ ነበር።

እጄን የያዘኝ አንድ ነገር ነው። በዚያ ወር እነዚህን ልጆች በየጊዜው አያቸው ነበር። የሮቢቷን ንጋት ላይ ከሰርቪስ ስትወርድ፣ የደብረ ብርሃንን ብርድ ስላልለመደችው ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ጠቅልላ አያታለሁ። የመንዟን ደግሞ አምሽቼ በወጣሁባቸው ቀናት የከሰዓቱ ሺፍት ሲለቀቅ አገኛታለሁ። ቀሪ የተባሉት ልጆች እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበሩ ማለት ነው።

የመግቢያና የመውጫ አሻራውን ዝርዝር አስወጣሁት። እሱም መሰከረላቸው፤ በየቀኑ ገብተዋል፣ በየቀኑ ወጥተዋል፣ ስምንት ስምንት ሰዓታቸውን ሞልተዋል። የገቡት ግን በተመደቡበት ሰዓት አልነበረም። ለጠዋት የተመደበችው ከቀኑ 8 ሰዓት ገብታ ከምሽቱ 4 ሰዓት ወጥታለች፤ ለከሰዓት የተመደበችው ንጋት 12 ሰዓት ገብታ 8 ሰዓት ወጥታለች። ሲስተሙ በሺፍቷ ያላገኛትን ሁሉ ቀሪ ይላታል። ሳትመደብ የሠራችውን ሰዓት ደግሞ የሚያስገባበት ዓምድ ስለሌለው ይጥለዋል። ማስጠንቀቂያውም፣ የደመወዝ ቅነሳውም፣ የስንብት ደብዳቤውም ከዚያው ዝርዝር እየተቀዳ የመጣ ነው።

ሕጉን በዚህ አልወቅሰውም። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በ6 ወር ውስጥ በጠቅላላው 5 ቀን የቀረን ወይም 8 ጊዜ ያረፈደን ሠራተኛ፣ በጽሑፍ ተነግሮት ካልታረመ፣ ያለ ማስጠንቀቂያ ጊዜ ወዲያው ማሰናበት ይቻላል ይላል። ቀሪ የሚለው ግን የቀረን ሰው ነው። እነዚህ አልቀሩም።

የደብተሯ ወረቀት

አስጠራኋቸው። አንድ ላይ ገቡ፤ በሩ ላይ ሲደርሱ ማን ቀድማ እንደምትገባ በዓይናቸው ሲነጋገሩ አየሁ። የመንዟ ልጅ ሳትቀመጥ ጀመረች።

«ጋሼ፣ እሷን አይንኩብኝ፤ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ።»

«ውሸቷን ነው» አለች የሮቢቷ። «የተጠቀምኩት እኔ ነኝ። እኔ ነኝ ልባረር የሚገባኝ።»

ተቀምጠው እንዲነግሩኝ ስጠይቃቸው፣ የመንዟ ልጅ ስልኳን አወጣች፤ ከስልኩ ልባስ ጀርባ በአራት የታጠፈ የደብተር ወረቀት መዛ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። መሐሉ በእስክሪብቶ ተሰምሮ ለሁለት ተከፍሏል። በአንደኛው ወገን «የገባሁልሽ»፣ በሌላው «የገባሽልኝ» ይላል። ከሥር ቀን፣ ሰዓትና ምልክት ተደርድሯል። አንድ ቦታ ላይ ምልክቱ ተሰርዞ «አሞኝ ነበር፣ ግማሽ ቀን ብቻ» የሚል ማስታወሻ ተጽፏል። ከሁሉ በታች «እስከ ሰኔ ይመለሳል» ተብሎ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበታል። ወረቀቱ በመታጠፍ ብዛት እጥፋቱ ላይ ሊበጠስ ደርሷል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዓመት ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን በአምስተኛው ቀን፣ የካቲት 22 ተከተለው። የፋብሪካው ሰው አብዛኛው ጾመኛ ሆነ። የሮቢቷ ልጅ የከሰዓት ሳምንት ሲደርሳት ማፍጠሪያው ማሽን ላይ ያገኛታል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል አካባቢ ፀሐይ ስትገባ፣ የዕረፍት ሰዓት ካልደረሰ ቴምሯን ከኪሷ አውጥታ፣ ውሃ ጎንጨት ብላ ወደ ስፌቷ ትመለሳለች። በተከራየችው ክፍል ደግሞ ለትምህርት ያመጣቻቸው ሁለት ታናናሽ ወንድሞቿ አሉ፤ እነሱም ይጾማሉ፣ የሚያፈጥሩትን የሚያዘጋጅላቸው የለም። የመንዟ ልጅ ይህን ሰምታለች።

«የእኔ ጾም እኮ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይፈታል፤ ዕረፍት ላይ እበላለሁ» አለችኝ። «እሷ ግን ልጆች ይጠብቋታል።»

ስለዚህ በረመዳን የሮቢቷ የከሰዓት ሳምንት በደረሰ ቁጥር የመንዟ ገባችላት፤ የሮቢቷም የመንዟን ጠዋት ያዘችላት። ብድሩ የሚመለሰው ከፋሲካ በኋላ ነው። የመንዟ ልጅ በማታው ክፍለ ጊዜ አካውንቲንግ ትማራለች፤ ከሰዓት በምትሠራበት ሳምንት ሁሉ ትምህርት ያመልጣታል። ፈተናው ሲቃረብ የሮቢቷ ልጅ በተራዋ ከሰዓቱን ልትይዝላት ቃል ገብታለች። የላይኑ መሪ፣ ላይን ሊደሩም ያውቃል፤ ማሽኑ ባዶ እስካልሆነ ድረስ አልከፋውም፤ ለቢሮው ግን አላስታወቀም።

«ማስጠንቀቂያው ሲደርሳችሁ ለምን ወደ እኔ አልመጣችሁም?» አልኳቸው።

የሮቢቷ ልጅ መለሰችልኝ። «ብንናገር መቀያየሩን ትከለክሉናላችሁ ብለን ነው፣ ጋሼ። ደመወዙ ይቆረጥ፣ ረመዳኑ ይለፍ ተባባልን።»

እዚህ ላይ ነው ብዙ የቆየሁት፤ አሁንም ድረስ የምመላለስበት። ሁለት ሰዎች ሙሉ ወር ሠርተዋል። ለሠሩበት ቀን ደመወዛቸው እንደሚቆረጥ አውቀዋል። ያንን መቆረጥ እንደ ዋጋ ቆጥረው ተቀብለዋል። የገዙት ነገር ደግሞ ፋብሪካውን አንዲት ሳንቲም የማያስወጣው ነው፤ አንዷ ከወንድሞቿ ጋር እንድታፈጥር፣ ሌላዋ ፈተናዋን እንድትቀመጥ። በነፃ ልንሰጣቸው የምንችለውን ከእንጀራቸው እየቆረሱ ከእኛ ሲገዙ ከረሙ ማለት ነው።

ሠንጠረዡ ማንን አስቦ ተሠራ?

ደብዳቤዎቹን ሰርዤ የተቆረጠውን ደመወዝ አስመለስኩ፤ ይህ ቀላሉ ነው። የከበደኝ ጥያቄ ከዚያ በኋላ መጣ። የሺፍት ሠንጠረዣችን ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ሁሉንም እኩል ያያል፣ ለማንም አያዳላም፣ በዚህም ብዙዎቻችን እንኮራበታለን። ግን ሲሠራ የታሰበው ሰው ማን ነው? ማሳ የሌለው፣ ልጅ የሌለው፣ ደብር የሌለው፣ መስጊድ የማይሄድ፣ ለቅሶ የማይደርስ፣ የማታ ትምህርት የማይማር ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሥራ ፈልጎ በራችን ላይ ቆሞ አላየሁም።

ደብረ ብርሃን የፋብሪካ ከተማ ከሆነች ቆይታለች። የብርድ ልብሱ ፋብሪካ ጡረተኞች ዛሬም ቡና ቤት ተቀምጠው ስለዚያ ዘመን ያወራሉ፤ በወጣትነት የገባ እዚያው ይሸብታል፣ ልጁንም ያስገባል። ሠራተኛው ከከተማዋና ከዙሪያዋ ስለሆነ ዓውደ ዓመቱም ለቅሶውም አንድ ነበር። አለቃው የሚያውቀው የራሱን ሰፈር ኑሮ ነው፤ ያም ይበቃው ነበር። ከዚያ ቢራ ፋብሪካዎቹ መጡ፣ በ2011 ዓ.ም. የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተመረቀ፤ ሰውም ከየአቅጣጫው ጎረፈ።

አሁን ያለውን ላይን ላሳያችሁ። ከመንዝና ከጣርማበር ደጋ የመጡ ልጆች አሉ፤ እናቶቻቸው የበግ ፀጉር ፈትለው ባና የሚያሠሩ። ከሮቢት ቆላ የመጡ አሉ፤ አባቶቻቸው ማሽላና ማሾ የሚዘሩ። ከሸኖ በኩል አማርኛው ገና ያልገራላቸው ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ይመጣሉ። ከወለጋ ተፈናቅለው መጠለያ ውስጥ የቆዩ፣ አሁን ቤት ተከራይተው የሚኖሩ እናቶች አሉ። ዲግሪውን ሻንጣ ውስጥ ቆልፎ በ12ኛ ክፍል ማስረጃ የተቀጠረ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ አለ፤ ዲግሪ እንዳለው የታወቀ ቀን «አይቆይም» ተብሎ እንዳይባረር ይፈራል። ከድሮው ፋብሪካ የወጡ አንጋፋ መካኒኮች አሉ፤ ማሽኑን በድምፁ የሚያውቁ፣ ልጃቸው በምትሆን ሱፐርቫይዘር የሚታዘዙ። ከላይ የውጭ ሀገር ዜጋ የሆነው የምርት ሥራ አስኪያጅ አለ።

ገበያውም እንደ ድሮው አይደለም። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአጎዋ ስትወጣ ለአሜሪካ ገበያ የሚሰፋው ልብስ ያለ ቀረጥ መግባቱ ቀረ፤ ትዕዛዝ ሲሳሳም ሲበዛም ጭንቀቱ የሚያርፈው ላይኑ ላይ ነው። የሠለጠነች ኦፕሬተር ጥቂት ብር ጨምሮ ለሚጠራት ሌላ ፋብሪካ ትሄዳለች። ሌላዋ ስልጠናዋን ወስዳ ዓረብ ሀገር ትሄዳለች። የቤት ኪራይ በጨመረ ቁጥር አንዷ ወደ ገጠሯ ትመለሳለች። መንገድ ሲዘጋ ቤተሰብ ልትጠይቅ የሄደች እዚያው ትቀራለች። ድሮ በሩ ላይ ሰልፍ ነበር፤ አንዷ ብትወጣ ሌላ ትገባለች ይባል ነበር። አዲስ ገቢ እጇ እስኪፈታ የሚባክነውን ጨርቅና ጊዜ ያየ ሰው ግን ይህን በቀላሉ አይናገርም።

በዚህ ሁሉ መሐል ልዩነታቸውን እንደ ችግር ስንቆጥረው ነው የኖርነው። የዚህኛዋ በዓል፣ የዚያኛዋ ጾም፣ የዚህኛዋ አጨዳ እየተባለ በየስብሰባው ይነሳል። የደብተሯ ወረቀት ግን ነገሩን ገልብጦ አሳየኝ። ሁሉም የመንዝ ልጅ ቢሆን ኖሮ ኅዳር 12፣ የሚካኤል ዕለት፣ ላይኑን ማን ይይዘው ነበር? ሁሉም የሮቢት ሙስሊም ቢሆን ኖሮ የረመዳንን ምሽት ማን ይሠራው ነበር? የደጋው የበልግ ገብስ ሰኔና ሐምሌ ላይ ሰው ይፈልጋል፣ የቆላው ማሽላ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ። የከተማዋ ልጅ ማሳ የላትም፤ ግን ጡት የምታጠባ ሕፃን አላት። ተማሪዋ ፈተናዋ በጥርና በሰኔ ነው። የአንዷ የጭንቅ ቀን ለሌላዋ ተራ ቀን ነው። አንድ ዓይነት ሰው ብቻ ያለው ፋብሪካ በአንድ ቀን ይጨነቃል፤ የእኛ ግን ጭንቀቱ በዓመቱ ላይ ተበትኗል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ወንፈል በማሽን ላይ

ልጆቹ ያደረጉት አዲስ ፈጠራ አይደለም። አባቶቻቸው ሲያደርጉት ያዩትን ነው። ዛሬ አንተ በሬህን ይዘህ የእኔን ታርሳለህ፣ ነገ እኔ የአንተን፤ ቀን በቀን ይመለሳል፣ የሚያጭበረብር ሰው በቀጣዩ ዓመት ብቻውን ያርሳል። በወንፈል ያደገ ሰው የሥራ ቀንን ማበደርና መበደር ያውቅበታል። ፋብሪካ ሲገባ ግን ይህን እውቀቱን ከበር ላይ አስቀምጦ እንዲገባ ነው ያደረግነው።

ጉዳዩን ለምርት ሥራ አስኪያጁ አቀረብኩ። ወረቀቱን አስተርጉሜ አሳየሁት። የጠየቀኝ ሁለት ነገር ነው፤ ማሽኑ ቆሞ ነበር ወይ? ጥራቱ ወርዷል ወይ? ሁለቱም አልሆነም ስለው «ታዲያ ምን ቸገረህ?» አለኝ። የእሱ ጥያቄ እዚያ ላይ አለቀ፤ የእኔ ግን ገና መጀመሩ ነበር። ሁለት ጓደኛሞች በመተማመን የሚያደርጉትን መላው ላይን ሲያደርገው ምን ይሆናል?

በአንድ ላይን ላይ መዝገብ ከፈትን። ላይን ሊደሩ ይይዘዋል፣ ተቀያያሪዎቹ ከሺፍቱ በፊት ይፈርሙበታል፣ ቢሮው በማግሥቱ ሲስተሙ ውስጥ ያስተካክለዋል። ደንቡ የወጣው ከቢሮ ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው አይፈርድም፣ አንድ እንጨት አይነድም እንዲሉ፣ ከሠራተኛ ማኅበሩ፣ ከመካኒኮቹና ከኦፕሬተሮቹ ጋር ተቀምጠን ነው። ኦቨርሎክ (የጨርቅ ጠርዝ መስፊያ ማሽን) የምትሰፋ ከኦቨርሎክ ሰፊ ጋር ትቀያየር በሚለው ወዲያው ተግባባን። ከምሽቱ 4 ሰዓት የወጣችን ልጅ ንጋት 12 ሰዓት የሚያስገባ ቅያሪ እንዳይፈቀድ ያሉት ግን ኦፕሬተሮቹ ራሳቸው ናቸው። ቤት ደርሳ፣ እንጀራዋን በልታ፣ ሰርቪስ ለመያዝ ከ11 ሰዓት በፊት የምትነሳ ሰው መርፌ ጣቷ ላይ ታሳልፋለች አሉ። እኔ ይህን ከወረቀት አላገኘውም ነበር። ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳትመደብ አዋጁ ይከለክላል፤ በቅያሪ ሰበብም ይህ እንዳይጣስ ጻፍነው። ድርብ ሺፍት በፍጹም አይቻልም አልን፤ አዋጁ ትርፍ ሰዓትን በቀን ከ4፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት አያሳልፍም።

ከሁሉ የገረመኝ ለቅሶ ነው። አዋጁ ለቅርብ ዘመድ ሞት የ3 ቀን ፈቃድ ከነደመወዙ ይሰጣል። የክርስትና እናቷ የሞተችባት ልጅ ግን በሕጉ ዓይን ዘመድ አልሞተባትም። በፊት እንዲህ ያለችው ልጅ ሳታስፈቅድ ትሄድና ቀሪ ትባል ነበር፤ ወይ ቀርታ ለቅሶ ያልደረሰች ተብላ በሀገሯ ፊት ታፍር ነበር። መዝገቡ ከተከፈተ ወዲህ ጎረቤቷ ትገባላታለች። በሁለቱም ወገን የሚያፍር የለም።

የዓርቡም ጉዳይ በዚያው ቀለለ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ ከ5፡30 እስከ 7፡30 ስለሚዘጋ የጁምዓ ሰጋጁ አይቸገርም፤ ላይን ግን አይዘጋም። አንድ አንጋፋ መካኒክ፣ የማርያም ማኅበር ጠጪ የሆኑ፣ ዓርብ ዓርብ የሙስሊሙን ባልደረባቸውን ማሽኖች ይጠብቁለት ጀመር። እሱ ደግሞ ወር በገባ በ21 እሳቸውን ይሸፍናል። ማንም አልነገራቸውም።

የማትጠይቀዋ

እስከዚህ ድረስ ያለውን ብቻ ብጽፍ እውነቱን ጎዶሎ አደርገዋለሁ። ምክንያቱም መዝገቡን ወራት ቆይቼ ከፊት ወደ ኋላ ሳነበው አንድ ስም ደጋግሞ በአንድ ወገን ብቻ አገኘሁ። ከወለጋ ተፈናቅላ የመጣች እናት ናት። ለሁሉም ገብታላቸዋለች፤ ለሚካኤል፣ ለኢድ፣ ለፈተና፣ ለክርስትና፣ ለሠርግ። ለእሷ የገባላት የለም። አንድም ቀን አልጠየቀችም።

ላይኑ ላይ ያለች ምርጥ ሠራተኛ ናት ብል አላጋነንኩም። ኦሮምኛውን እንደ አማርኛዋ ስለምትናገር የሸኖ ልጆች ሲጨንቃቸው ወደ እሷ ነው የሚዞሩት። አንድ ቀን ሱፐርቫይዘሯ አዲስ ገቢዋን «ገመዱን አጥብቀሽ ያዢ፣ ጨርቁን አትጎትቺ» ስትላት ልጅቷ ሳይገባት ጨርቁን ስትጎትት አየሁ። ይህች እናት ከማሽኗ ሳትነሳ፣ ዓይኗን ከስፌቷ ሳትነቅል፣ ሁለት ቃል በኦሮምኛ ጣል አደረገችላት፤ የልጅቷ እጅ ወዲያው ተስተካከለ። እንዲህ ያለው ሥራዋ በየትኛውም የደመወዝ መደብ ውስጥ የለም።

ጠርቼ ጠየቅኳት። «እትዬ፣ ለምን አንድ ቀን እንኳ አትጠይቂም?»

«ምን ልጠይቅ?» አለችኝ። «ደብሬ እዚያ ቀርቷል። ማሳዬ እዚያ ቀርቷል። ለቅሶ የምደርስለት ዘመድ ተበትኗል። ሲጠይቁኝ ደግሞ እምቢ ልል አልችልም፤ እንግዳ ነኝ።»

ካለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። የእሷ ግን ዝምታ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ ተበዳሪ ለመሆን እንኳ ልብ የሚሰጥ ነገር ያስፈልጋል። ወንፈል የሚሠራው በሬ ላለው ነው። በሬ የሌለውስ? የገጠሩ ሰው ለዚህ መልስ አለው። ባሏ የሞተባት፣ የታመመ፣ አቅም ያጣ ሲኖር ሀገሩ በደቦ ወጥቶ ያርስለታል፤ ነገ ይመልስልኛል ብሎ ቀን የሚቆጥርበት የለም። እኛ ወንፈሉን ብቻ ወስደን ደቦውን ትተነው ነበር።

የሰው ኃይል አስተዳደር ሥራ ዋናው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ለሚጠይቅ መስጠት ብዙ ጥበብ አይፈልግም፤ የሚጠይቅ ሰው ራሱን ችሏል። ዓይናችን መውደቅ ያለበት መዝገቡ ላይ ሁልጊዜ ሰጪ ሆኖ በሚገኘው ስም ላይ ነው። ብዙ ዓይነት ሰው የሚሠራበት ቦታ ላይ መተጋገዝ ራሱ ሳይታወቅ ወደ ብዝበዛ ይዞራል፤ ዘመድ ያለው ዘመድ በሌለው ትከሻ ላይ ይቆማል። ይህ የሚሆነው ደግሞ በክፋት አይደለም። የጠየቋት ልጆች ሁሉ ይወዷታል፤ በዓል ሲመጣ ዳቦ ያመጡላታል። እሷም አልተቀየመቻቸውም። ግን በዚያ ዓመት ከልጆቿ ጋር ያሳለፈቻቸው ምሽቶች ከማንም ያነሱ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ላይን ሊደሩ በየወሩ መዝገቡን ደምሮ ያሳየኛል። ከተቀበለችው በላይ የሰጠች ካለች ለጊዜው መግባቷን እናቆማለን፤ «ቢሮው ከልክሎኛል» ብላ እንድታመካኝ፣ እምቢታው ከእሷ እንዳይመጣ። ከዚህም በላይ «የደቦ ሰዓት» ያልነውን ጀምረናል። ፈቃደኛ የሆነ ሠራተኛ በወር ጥቂት ሰዓት ብድር ሳይጠይቅ ይሰጣል፤ ያ ሰዓት ለአዲስ ገቢዎች፣ ለብቻዋ ልጅ ለምታሳድግ፣ ለተፈናቀለች ይውላል። መጀመሪያ የሰጡት ሁለቱ፣ የመንዟና የሮቢቷ ልጆች ናቸው። ያቺ እናት በመጀመሪያ የወሰደችው ግማሽ ቀን ለቀበሌ መታወቂያ ሆነ፤ ለዚያ ጉዳይ ስትመላለስ ከእንቅልፍ ሰዓቷ ትሰርቅ እንደነበር ያወቅነው ያኔ ነው።

ያልተስማማንበት

አሁን ከሠራተኛ ማኅበሩ ጋር የኅብረት ስምምነት እየተደራደርን ነው፤ ቅያሪው በላይን ሊደሮች በጎ ፈቃድ ላይ ብቻ እንዳይንጠለጠል በጽሑፍ እንዲገባ እፈልጋለሁ። አዋጁ ራሱ ለማርፈድ በቂ ምክንያት የሚሆነው ነገር በኅብረት ስምምነት ወይም በሥራ ደንብ እንዲወሰን በር ከፍቷል፤ ስለዚህ ቅያሪን እዚያ ውስጥ ለማስገባት የሚከለክለን የለም። የተፈረመበት ቅያሪ እንደ ቀሪነት እንዳይቆጠር ሁለቱም ወገን ተስማምቷል። ደመወዝ በተሠራበት ሰዓት እንዲከፈል፣ የመገኘት ቦነስም በቅያሪ ምክንያት እንዳይቀር ተስማምተናል።

ያልተስማማነው በደቦው ሰዓት ላይ ነው። ማኔጅመንቱ በጎ ፈቃድ ስለሆነ ከሠራተኛው ይምጣ፣ ፋብሪካው ግን ሰዓቱን አይክፈል ይላል። ማኅበሩ ደግሞ ሙሉ ወጪውን ፋብሪካው ይሸከም ይላል። የእኔ አቋም ተጽፎ ገብቷል፤ ሠራተኛዋ አንድ ሰዓት ስትሰጥ ፋብሪካው ሌላ አንድ ሰዓት ከራሱ ይጨምር። እጇ የተፈታ አንዲት ኦፕሬተር ለቅቃ ስትሄድ አዲሷን ለማሠልጠን የምናወጣው፣ ላይኑ በሙሉ በዓመት ከሚጠይቀው የደቦ ሰዓት ይበልጣል፤ ስሌቱን ከመዝገቡ ጋር አያይዤ ለሁለቱም ሰጥቻለሁ። ማኔጅመንቱ ስሌቱን እያየው ነው። ማኅበሩ ግማሽ በግማሹን አልወደደውም፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ይዘው የሚመጡትን እጠብቃለሁ።